እጅ የሚወደድበት ከተማ

በሩን ለመክፈት አራት ደቂቃ ነው የፈጀበት። ሰዓት እያየሁ ነበር። ሰውዬው ከቦርሳው አንድ ቀጭን ፕላስቲክ አወጣ፣ በበሩና በመቃኑ መሃል ሰደደው፣ ሁለቴ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ፣ በትከሻው ገፋ፣ ቀጭ! በቃ። ከዚያ የካርድ ማሽኑን አውጥቶ 390 ፍራንክ አለኝ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይቶ መሰለኝ፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ "ዛሬ እሑድ ነው እኮ" ብሎ ጨመረበት።

እዚህ ዙሪክ የአፓርታማ በር ብዙ ጊዜ ከውጪ የሚዞር እጀታ የለውም። የሚጨበጥ ድቡልቡል ነገር አለው፣ ግን አይዞርም። እኔ ደግሞ ቅዳሜ የረሳሁትን ፖስታ ከታች ላመጣ ብዬ በነጠላ ጫማ ብቅ ስል በሩ ከኋላዬ ድርግም አለ። ቁልፉ ውስጥ ቀረ። ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ ባዝል ጓደኛው ጋ ሄዷል፣ ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። የካቲት ነው፣ ደረጃው ይበርዳል። ደግነቱ ስልኬን ይዤ ነበር።

አዲስ አበባ ቢሆን ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አንድ ጎረቤት ትወጣለች፣ "ውይ በሞትኩት" ትላለች፣ ቢላ ይዛ ትመጣለች። ቀጥሎ ጥበቃው ይመጣል፣ "ቆይ እኔ አውቅበታለሁ" ይልና አያውቅበትም። በመጨረሻ የሆነ ቀጭን ልጅ ተጠርቶ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሾልኮ ይገባል፣ ለሻይ ብለን 50 ብር እንሰጠዋለን፣ ሁሉም ሰው ቤት ገብቶ ቡና ይጠጣል። እዚህ ግን ፎቅ ላይ ያሉት ሽማግሌ በሩ ድርግም ሲል ሰምተው ብቅ አሉ፣ አዘኑልኝ፣ ካፖርት አዋሱኝ (እግዜር ይስጣቸው)፣ የቁልፍ ሠራተኛ ስልክ ፈልገው ሰጡኝና ገቡ። አልፈርድባቸውም። ሌላ ምን ያድርጉ?

አንድ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። 390 ፍራንክ፣ በአራት ደቂቃ! ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ስለዚህ ከተማ ማንም እንደዚያ ሰውዬ አጥርቶ ያስረዳኝ እንደሌለ ገባኝ።

የመጣነው በፈረንጅ 2023 መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የዓመቱን የኑሮ ውድነት ደረጃ አወጣና ዙሪክ ከሲንጋፖር ጋር እኩል አንደኛ ወጣች። አጎቴ ዜናውን ልኮልኝ ከሥሩ "በርቺ" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ያኔ ገና የማባዛት በሽታ ላይ ነበርኩ፤ አዲስ መጪ ሁሉ የሚይዘው በሽታ ነው። በባንክ አንድ ፍራንክ ወደ 60 ብር ነበር። ካፌ ውስጥ አንድ ስኒ ቡና አምስት ፍራንክ ተኩል ሲሉኝ ጭንቅላቴ ውስጥ 330 ብር ይመታል። የትራም ትኬት፣ ብር። ሽንኩርት፣ ብር። ሚዛን ላይ ሦስት ቲማቲም አስቀምጬ ቆሜ ሳባዛ ከኋላዬ ሰው ይሰለፋል። በሽታው የለቀቀኝ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመን ተብሎ ሲለቀቅ ነው። ፍራንኩ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ማባዛቱም ከሒሳብነት ወጥቶ ራስን ማሰቃየት ሲሆን ተውኩት።

ማባዛቱን ስተው ነው አንድ ነገር ማየት የጀመርኩት። ዙሪክ ውስጥ ሁሉም ነገር ውድ አይደለም። ላፕቶፕ ውድ አይደለም፤ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 8.1 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከጎረቤት አገሮች እንዲያውም የሚረክስበት ጊዜ አለ። ፓስታና ሩዝ ያን ያህል አይደለም። ውሃ ነፃ ነው፤ ከተማው ውስጥ ከ1200 በላይ የመንገድ ዳር የውሃ ፏፏቴ አለ፣ ከሁሉም ማለት ይቻላል ጠርሙስ ሞልቶ መጠጣት ነው። ውዱ ነገር ሌላ ነው። የሰው እጅ የነካው ነገር ሁሉ ነው ውድ። ፋብሪካ የሠራው ይቻላል፣ ሰው ቆሞ የሠራልህ ግን ኪስ ያራቁታል። ፀጉር መቆረጥ፣ ቧንቧ ማሠራት፣ ምግብ ቤት መብላት፣ ጥርስ ማስነቀል፣ ልጅ ማስጠበቅ፣ በር ማስከፈት።

እኛ አገር የተገላቢጦሽ ነው። ዕቃው ነው የሚወደደው። መኪና የቤት ዋጋ ያወጣል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሰው የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። እጅ ግን ርካሽ ነው። ጫማ የሚጠርግ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ፍሪጅ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣ፣ መኪናህን ቆሞ የሚጠብቅ፣ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ሁሉም እጁን ይዞ መንገድ ላይ ነው። "የሰው እጅ ማየት" ማለት እኛ ዘንድ የሰው ጥገኛ መሆን ነው አይደል? እዚህ የሰው እጅ ለማየት ከሦስት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ያስፈልጋል።

ይሄን በዓይኔ ያየሁት በጠረጴዛ ነው። ዙሪክ ውስጥ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ደጅ ያወጣና "ግራቲስ" የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። በነፃ ውሰዱት ነው። ሕጉ አይፈቅድም ይባላል፣ ግን ሁሉም ያደርገዋል። ቪዲኮን አካባቢ አንድ ማታ ስንሄድ ጠንካራ የእንጨት የምግብ ጠረጴዛ ግራቲስ ተብሎ ቆሟል። ባለቤቴ ዳበሰው፣ አራት እግሩንም ነቀነቀው፣ ደህና ነው። በማግስቱ ቢሮ የሥራ ባልደረባዬን መኪና ያለው ሰው ቤቴ ድረስ ቢያደርሰው ስንት ይጠይቀኛል ብዬ ስጠይቀው ከ150 ፍራንክ በታች አታገኚም አለኝ። ጠረጴዛው ዜሮ፣ መሸከሙ 150። እናም ምን አደረግን? ማታውኑ ባልና ሚስት ተሸክመነው ትራም ውስጥ ገባን። አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አይታን ፈገግ አለች፣ ባለቤቴም ለማንም ሳይሆን በአማርኛ "ምን ይደረግ" አለ። ይሄን የምጽፈው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ቶንዶስ ነው። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉር ቤት ሄዶ 48 ፍራንክ ከፍሎ ተመለሰ፤ ቶንዶስ ግን 39 ፍራንክ ነው። ማለት ማሽኑ ራሱ፣ ከነማበጠሪያዎቹ፣ ከሁለት ዓመት ዋስትናው ጋር፣ ከአንድ ቆረጣ ይረክሳል። ገዛነው። መታጠቢያ ቤት ወንበር አስቀምጬ፣ ዩቲዩብ ከፍቼ ቆረጥኩት። ከማጅራቱ በላይ አንድ ሰንበር የመሰለ መንገድ ወጣለት፣ በማግስቱም ትልቅ ስብሰባ ነበረው። አሁን ጎበዝ ሆኛለሁ። ሁለት የሐበሻ ልጆችም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይቆረጣሉ፣ አላስከፍልም፤ ድርቆሽ ወይም በርበሬ ይዘው ይመጣሉ።

ማሠራት የሚባል ነገርም የለም ማለት ይቻላል። ማይክሮዌቩ ሲበላሽ የደወልኩለት ባለሙያ፣ ለማየት ብቻ የሚያስከፍለኝ ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ እንደሚደርስ በትህትና ነገረኝና ጣይው አለኝ። እኔ መርካቶ ምናለሽ ተራን አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጣሳ ኩራዝ፣ ጎማ ጫማ፣ በርሜል ምድጃ ሲሆን አይቻለሁ። ያ ሁሉ ተአምር እጅ ርካሽ ስለሆነ የመጣ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጥበብ ነው፣ ኩራታችን ነው እል ነበር። ጥበብማ ነው። ግን ዙሪክ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሌለው ሰዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። አንድ ሰው ሙሉ ቀን ቁጭ ብሎ ጣሳ ቢቀጠቅጥ ያንን ኩራዝ የሚገዛው የለም፣ በቃ።

ቤት ፍለጋውን አሳጥሬ ልለፈው፣ ምክንያቱም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። በ2024 ከተማው በቆጠረው መሠረት ባዶ የነበረው ቤት 0.07 በመቶ ነው፤ ከ1000 ቤት አንድ እንኳን አይሞላም። አንድ ቤት ከደረጃው እስከ መንገድ ተሰልፎ ነው የሚታየው፣ ሰልፈኛው ሁሉ ዶሴ ይዟል። ዶሴው ውስጥ ከዕዳ መዝገብ ቢሮ የመጣ ወረቀት አለ፣ ያልተከፈለ ዕዳ እንደሌለብህ የሚመሰክር። አዲስ ለመጣ ሰው ወረቀቱ ንፁህ ነው፤ ግን ገና ምንም ስላልተጻፈበት ንፁህ እንደሆነ አከራዩም ያውቃል። ስንት ቦታ እንደተጻፈልን "እናዝናለን" አልቆጠርኩም። ስናገኝ የሦስት ወር ኪራይ በዝግ ሒሳብ አስያዝን፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ በሕግ አይቻልም፣ እሱም ተመስገን ነው። ቤቱ "ሦስት ክፍል ተኩል" ይባላል። ተኩሏን እስካሁን አላገኘኋትም።

የጤና መድንም እንዲሁ። አሠሪ አይከፍልልህም፣ በሦስት ወር ውስጥ ራስህ መርጠህ ትገባለህ፣ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ብትመዘገብም ሒሳቡ አገሩ ከገባህበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ይታሰባል። እኔ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው የነቃሁት።

እሑድ ደግሞ እጅ ሁሉ ያርፋል። ሱቅ ዝግ ነው፣ ልብስ ማጠብ የለም፣ ጠርሙስ መጣያው ውስጥ መወርወር እንኳን የለም፣ ድምፅ ነዋ። የካቲት 2014 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአየር መንገዳችን የበረራ ቁጥር 702 በረዳት አብራሪው ተጠልፎ ጄኔቭ ሲያርፍ ትዝ ይላችኋል? ማልዶ ስለነበር የስዊዘርላንድ አየር ኃይል አልተነሣም። ያኔ ተዋጊ ጄቶቹ የሚሠሩት በሥራ ሰዓት ነበር። አጅበው ያመጡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ናቸው። እኛ አገር ስንት ቀን ተሳቀበት። አሁን 24 ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ። እኔ ግን የቁልፍ ሠራተኛው "እሑድ ነው እኮ" ሲለኝ ያ ነገር ትዝ አለኝና ትንሽ ሳቄ መጣ።

የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ሳላነሣ አላልፍም። ምድር ቤት ነው፣ ለስምንት ቤተሰብ አንድ ማሽን፣ ለእያንዳንዱ ተራ አለው። የእኛ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የማድረቂያውን ማጣሪያ ሳላጸዳ ሄጄ፣ በማግስቱ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀኝ፣ "ውድ ጎረቤት" ብሎ የሚጀምር፣ ውስጡ ግን ውድነት የሌለበት። ካፖርት ያዋሱኝ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው። አንድ ቀን ተራቸውን ጨርሰው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ የማሽኑን የበር ጎማ በጨርቅ እያዞሩ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። "ጉተን ታግ" አሉኝና ቀጠሉ። እኔ ደንግጬ "ይተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቴን አንድ ጓደኛ አሰብኩ፣ እሱም ፕሮፌሰር ነበር፤ ውሃ ሲጠማው ከወንበሩ ሳይነሣ ስም ይጠራል።

ስሟ የሚጠራ ልጅ እኛም ቤት ነበረች።

ወደዚህ ልመጣ የፈለግኩት ከመጀመሪያው ነው፣ ግን ዞሬ ዞሬ መጣሁ። አዲስ አበባ ሳለን ልጄን የያዘችልኝ አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር በ17 ዓመቷ መጥታ፣ ሁለት ቤት ተቀጥራ ሠርታ፣ እኛ ጋ ስትገባ 22 ነበረች። ምግብ ትሠራለች፣ ታጥባለች፣ ልጁን ትይዛለች። ደመወዟ 3500 ብር ነበር፤ ለሰፈሩ ጥሩ ከፋዮች እንባል ነበር፣ አንዷ ጎረቤቴም "ገበያውን አበላሻችሁት" ብላኛለች። እረፍቷ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ማታ። "እንደ እህታችን ነው የምናያት" እንል ነበር። እህቴ ግን ወጥ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ተኝታ አታውቅም።

ዙሪክ ገብተን ልጁን ኪታ ስናስገባ፣ ኪታ ማለት የሕፃናት መዋያ ነው፣ ድጎማ ለማይደርሰው ሰው ዋጋው በቀን 135 ፍራንክ ነው አሉን። በቀን። ገና የማባዛት በሽታዬ አልለቀቀኝም ነበርና ወዲያው መታ፤ 8100 ብር። ከሁለት ወር ደመወዟ በላይ። የሁለት ወር ሌሊቷም፣ ትኩሳት ሲይዘው በጀርባዋ አዝላው የዞረችበትም፣ ሁሉም ውስጡ ነው። ወረቀቱን ፈርሜ ወጣሁና ትራም ማቆሚያው ጋ ቆሜ ሁለት ትራም አለፈኝ።

በወቅቱ ለራሴ ያልኩት ነገር ነበር። አገሩ ነው፣ ኢኮኖሚው ነው፣ የእኔም ደመወዝ እኮ ትንሽ ነበር። እውነት ነው። እኔ ራሴ ምን ተለወጥኩ? ያው ኮምፒውተር፣ ያው ኮድ፣ ያው አሥር ጣት። አንድ ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጬ ስወርድ እጄ ተወደደ። ጉብዝናዬ አይደለም፤ የቆምኩበት መሬት ነው። ግን እዚህ የሰው ቤት ለሚያጸዳ ሠራተኛ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ክፍያ አለ፣ ዙሪክ ውስጥ ደግሞ የሚከፈለው ከዚያም ይበልጣል፣ እኛ ዘንድ ግን ሕጉ ያንን በር ገና አላንኳኳውም። ያ ኢኮኖሚ ብቻ አይደለም። የእሷን ደመወዝ የወሰነው ገበያ ነው እላለሁ እንጂ፣ ገበያው እኔና ያቺ ጎረቤቴ ነበርን።

ዙሪክን ገነት አድርጌ እያወራሁ አይደለም። ማታ ቢሮ ሳመሽ የቆሻሻ ቅርጫቴን የሚያወጣው ሰው ከኮሶቮ ነው፣ ኪታው ውስጥ የምታበስለው ከፖርቱጋል፣ ላንግሽትራሰ አካባቢ እንጀራ የምገዛባት ሴትዮ ኤርትራዊት ናት፤ በቀን ሁለት ሥራ አላት፣ በትግርኛዋና በአማርኛዬ መሃል እንግባባለን። ውድ የሆነውም እጅ ቢሆን የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል። ግን አንዱም የእኔ ጓዳ ውስጥ አይተኛም።

በነገራችን ላይ በዚህ መንገድ በተቃራኒው የሄደ ሰው አለ። አልፍሬድ ኢልግ፣ ሙሴ ኢልግ የምንለው። ፍራውንፌልድ ተወልዶ፣ እዚሁ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተምሮ፣ በፈረንጅ በ1870ዎቹ መጨረሻ ወደ ምኒልክ ሄደ። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ ስፋልኝ አሉት ተብሎ ይተረካል፣ ኢንጂነሩም ሰፋ። ከዚያ ቧንቧው፣ የጅቡቲው ባቡር፣ አማካሪነቱ ተከታተለ። በፈረንጅ በ1916 ዙሪክ ነው የሞተው። እጁን ይዞ ሄደና ከበረ። እኔ የመጣሁት ዲግሪ ይዤ ነው፤ ከአውሮፓ ውጪ ለሚመጣ ባለሙያ ስዊዘርላንድ በዓመት 8500 ፈቃድ ብቻ ነው የምትሰጠው፣ እሱም ለተማረ ነው። ጫማ ልስፋ ብዬ ብመጣ ኖሮ ከኤምባሲው ደጅ አላልፍም ነበር።

ልጅቷ አሁን ዱባይ ናት። እኛ ከሄድን ከስድስት ወር በኋላ ነው የሄደችው፣ ሰው ቤት። ባለፈው ወር በዋትስአፕ ደወለችልኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፣ አሠሪዎቿ ተኝተዋል። ስለ ጤና ስለ ልጁ ጠያየቀችኝና፣ ትንሽ ቆይታ፣

"እትዬ፣ እዚያ ለሠራተኛ ስንት ይከፍላሉ?"

ልዋሽ አስቤ ነበር። ከዚያ ነገርኳት፤ ለሚያጸዳ ሰው 35 ፍራንክ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

"በቀን?"

"በሰዓት።"

ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝና ሃሎ አልኩ። አለሁ አለችኝ። እኔን መውሰድ ይቻላል ወይ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ዲግሪው የምመልሰውን እያዘጋጀሁ ነበር። አልጠየቀችም።

"አሁንም ጆሮ ካልያዘ አይተኛም?" አለችኝ።

አይተኛም አልኳት። አሁን የእኔን ነው የሚይዘው።